ልኩን ሳያስወስድ ያረፈ ደንበኛ

የታሪክ ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ ከሌላው ልብስ ሰፊ የሚለየው ዋናው ደንበኛው ልኩን ሳያስወስድ፣ ምናልባትም ከመቶ ዓመት በፊት፣ ያረፈ ሰው በመሆኑ ነው። ተራው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የመጣለትን ሰው ደረትና ወገብ ለክቶ፣ ለበዓል እንደሚያደርስ ምሎ ተገዝቶ ልብሱን በበዓሉ ማግስት ያስረክባል፤ የታሪክ ልብስ ሰፊ ግን የሚሰፋው ለአፄ ምኒልክ ሆኖ ሳለ የሚለካው አፄ ምኒልክን ሆኖ የሚተውነውን ወጣት ስለሆነ፣ አንዱን ካባ ለሁለት ባለቤት፣ ለአንድ ሙትና ለአንድ ሕያው፣ እኩል ልክ እንዲያደርገው ይጠበቅበታል። ከሁለቱ አፍ አውጥቶ የሚያማርረው ሕያው ብቻ መሆኑ ሥራውን የሚያቀልለት ይመስላል፤ ነገር ግን በሙቱ ፈንታ የሚያማርሩ የታሪክ መምህራን፣ አዛውንት ተመልካቾችና የመኳንንት የልጅ ልጆች ከአዳራሽ ስለማይጠፉ፣ የሙቱ ወገንም ጠበቃ አጥቶ አያውቅም።

ሙያው የሚፈለግበት ቦታ ላይ ላዩን ሲታይ ቴአትር ቤት ብቻ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተሰይሞ ሲከፈት በመድረኩ የቀረበው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ስለነበር፣ የቤቱ አልባሳት ክፍል (ተዋንያን የሚለብሱት ሁሉ የሚዘጋጅበት፣ የሚጠገንበትና የሚከማችበት ክፍል ማለት ነው) ሥራውን የጀመረው ሦስት ሺህ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ንጉሥ ዳዊትን በማልበስ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን የታሪክ ልብስ ከመድረክ ወርዶ አደባባይ ገብቷል፤ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ሲዘከር ብዙ ሰው ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ ይወጣል፤ ሙሽሮችም ከሠርጉ ቀጥሎ በሚደረገው የመልስ ግብዣ ካባ ለብሰው ንጉሥና ንግሥት ሆነው ይውላሉ። ለምድ ማለት ጫፉ በረጃጅም ዘርፍ የተከፋፈለ፣ በትከሻ ላይ የሚደረብ የጦረኛ ልብስ ሲሆን፣ ጎፈር ደግሞ ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የራስ ጌጥ ነው። አንበሳው በአሁኑ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ በመሆኑ፣ ጋማው በዓሉ ሳያልቅ በባለቤቱ ጢም ላይ መርገፍ ይጀምራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ችግር መርፌ የማይደርስበት ነው፤ የሚሰፋው ልብስ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያረፉት የአፄ ቴዎድሮስ መልክ ለትውልድ የደረሰው በአመዛኙ በሥዕል ሲሆን፣ ከሠዓሊዎቹ መካከል ንጉሡን አንድም ቀን በዓይናቸው ያላዩ አውሮፓውያን ስላሉበት፣ ልብስ ሰፊው በወሬ የተሳለ ልብስ በጨርቅ ላይ እንዲያውል ይጠየቃል። የአፄ ምኒልክ ዘመን ሰዎች ፎቶግራፍ የተነሡ በመሆናቸው ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ ሆኖም የዚያ ዘመን የፎቶ መስታወት፣ ማለትም ምስሉ የሚቀረጽበት በኬሚካል የተቀባ መስታወት፣ ሰማያዊን እንጂ ቀይን በወጉ የማይቀበል ስለነበር፣ ቀዩ ልብስ በፎቶው ላይ ጥቁር፣ ሰማያዊው ደግሞ ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶውን አምኖ መርካቶ የወረደ ሰው ስድስት ሜትር ጥቁር ከፋይ አስቆርጦ ከተመለሰ በኋላ፣ ባለ ካባው መስፍን በሕይወት ዘመናቸው ቀይ ለባሽ እንደነበሩ ከአንድ አዛውንት ሊሰማ ይችላል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ማንም ነጋዴ መልሶ አይቀበልም።

እውነተኛው ልብስ ተርፎ ሲገኝም መከራው አያልቅም። ከመቅደላ ተዘርፈው ከተወሰዱት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ሙዚየሙም በ2018 እ.ኤ.አ. በእጁ ያሉትን የመቅደላ ዕቃዎች ለብቻቸው ለሕዝብ አሳይቷል። ቀሚሱ ከሀገሩ የወጣበት መንገድ ራሱን የቻለ ክርክር ያለው በመሆኑ እዚህ አይነሣም፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው ጎብኚና ልብስ ሰፊ አንዱን ቀሚስ የሚያዩት በተለያየ ዓይን መሆኑ ነው። ጎብኚው በጥልፉ ሲደነቅ፣ ልብስ ሰፊው ማየት የሚፈልገው የቀሚሱን ውስጥ፣ ይኸውም ስፌቱ የት ላይ እንደተገጠመ፣ ክሩ እንዴት እንደታሰረ፣ በብብት ሥር ምን ያህል ጨርቅ እንደተተወ ስለሆነ፣ አንገቱን ቢያጣምምና በመስታወቱ ጎን ቢያጮልቅ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የጥበቃውን ትኩረት ነው።

መቀሱ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ እውነት ይገለጣል፤ የጥንቱ ልብስ አብዛኛው ከመጀመሪያውም ለማንም ልክ አልተሰፋም። ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ መወርወሪያ ማለት ማጉን፣ ይኸውም አግድም የሚገባውን ክር፣ በድሩ፣ ማለትም በቁመት በተወጠረው ክር፣ መካከል ይዞ የሚያልፍ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የጨርቁን ስፋት የሚወስነው የሸማኔው እጅ የሚደርስበት ሲሆን፣ ርዝመቱም የሚለካው በክንድ፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ባለው መጠን፣ በመሆኑ ገዢው ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ ይዞ ገበያ ቢወጣ የሚያስወቅሰው አልነበረም። በዚህ ሁሉ ውስጥ የለባሹ ደረትና ወገብ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላም ሆነ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ለወፍራሙም ለቀጭኑም፣ ለአባትም ለልጅም ያው ነው፤ ልብሱን ከሰውነቱ ጋር የሚያስማማው ለባሹ ራሱ፣ በአለባበሱ፣ ነበር።

ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የሚባለውም በባዶ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነጠላውን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ ያጣፋል፤ በታላቅ ሰው ወይም በዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ደግሞ ጥለቱን፣ በጨርቁ ጫፍ ያለውን ባለ ቀለም ጌጥ፣ ወደ ላይ አዙሮ አንገቱ ዘንድ ያደርገዋል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የሚማሩት ሳይሆን ከእናትና ከአባት በዓይን የሚወረስ በመሆኑ፣ በጂንስ ሱሪ ያደገው ተዋናይ ሸማ ሲሰጠው ከሻወር እንደወጣ ሰው ፎጣ አድርጎ ይጠመጥመዋል። አልባሳት ክፍሉ በበኩሉ እንዳይወርድበት በአምስት ቦታ በመርፌ ቁልፍ ስለሚወጋለት፣ ተዋናዩ ንጉሡ ሲገቡ ማደግደግ ሲኖርበት ሸማው ከትከሻው አልላቀቅ ብሎ፣ በንጉሥ ፊት እንደተከናነበ ይቆማል፤ ይህም በዘመኑ ቢሆን ዱላ የሚያስከትል ድፍረት ነው። ከዚህ የከፋው በጥድፊያ የሚመጣ ነው። በሁለት ትዕይንት መካከል ባለው ጨለማ ነጠላቸውን አገላብጠው የለበሱ አጃቢ ተዋንያን ወደ ሠርግ ትዕይንት ሲገቡ ጥለቱ ሁሉ ወደ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ሙሽራው ገና ሳይገባ ለቅሶ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ይህንንም ከአዘጋጁ በፊት የሚያዩት በአዳራሹ መሃል የተቀመጡ እናቶች ናቸው።

ባለ ጥልፍ ቀሚስ ማሳጠር ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መነገር ያለበት ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቀሚስ ሲረዝም ከታች ቆርጦ መዘምዘም የሚበቃ ይመስለዋል፤ ዘምዘማት የሚባለው የጨርቁ ጫፍ እንዳይተረተር ታጥፎ የሚሰፋበት ስፌት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ግን ከታች በኩል ጥለት ስላለው፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ማለት ሸማኔው ለብዙ ቀን የደከመበትን ጌጥ ለመጥረጊያ አሳልፎ መስጠት ነው። ጥለቱን ለብቻው ቆርጦ ከፍ አድርጎ መልሶ መግጠምም ይሞከራል፤ ነገር ግን በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ አያያዙ ላላ ያለ በመሆኑ መቀስ እንደነካው ድሩና ማጉ መለያየት ይጀምራል፤ ልብስ ሰፊው አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው እየተተረተረ፣ ለማሳጠር የታሰበው ስድስት ሳንቲ ሜትር ሳይጠየቅ ዘጠኝ ይሆናል። የቀረው መንገድ ከወገብ ላይ አጥፎ መያዝ ነው። እዚያ ደግሞ ከአንገት ጀምሮ በደረት ላይ የሚወርደው የመስቀል ጥልፍ ይጠብቀዋል፤ ወገቡ በታጠፈ ቁጥር የመስቀሉ እግር እያጠረ ይሄድና፣ በመጨረሻ ልብሱ ለተዋናይቷ ልክ ሲሆን መስቀሉ የመደመር ምልክት ሆኖ ያርፋል። ይህን ሁሉ ጉድ የሚሸፍነው መቀነት፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ረጅም ጨርቅ፣ ሲሆን፣ የዚህ ሙያ ሰዎች ለመቀነት ያላቸው ፍቅር የሚመነጨው ከባህል አክባሪነት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ይሆናል።

ከፋይ ሌላ ጠባይ አለው። ከፋይ ፊቱ ላይ አጫጭር ፀጉር የቆመለት ጨርቅ በመሆኑና ፀጉሩም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚተኛ በመሆኑ፣ የካባው ቀኝ ጎን ፀጉሩ ወደ ታች፣ ግራ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ከተቆረጠ፣ ከአንድ ጥቅል የወጣው ጨርቅ በመብራት ሥር ሁለት ቀለም ይሆናል፤ መስፍኑም ከሁለት ሟች መሳፍንት ግማሽ ግማሽ የወረሱ ይመስላሉ። ሲሰፋ ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ፣ በስፌት መኪናው እግር ሥር እኩል የገባው ጨርቅ እኩል አይወጣም፤ ካውያ ሲያርፍበት ፀጉሩ ተደፍጥጦ የካውያው ቅርጽ ታትሞ ይቀራል፤ ተሳስቶ የተተረተረ ስፌትም የመርፌው ቀዳዳ ተሰልፎ ሲታይ ይኖራል። በላዩ ላይ የወርቅ ክር ጥልፍ ሲጨመርበት ልብሱ ከመስተካከል ጨርሶ ይወጣል፤ የወርቁ ክር አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ እስከ አንገቱ ድረስ መሳብ ስለሚችል፣ ካባውን ለማስፋት የሚደፍር ሰው የሚገኘው በመከራ ነው።

ያም ሆኖ ለመልስ የሚከራዩት ካባዎች በየሳምንቱ ይሰፋሉ፣ በየሳምንቱ ይጠብባሉ። ቅዳሜ ትከሻው በር የሚሞላ ሙሽራ የለበሰውን ካባ እሑድ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ቀጭን ሙሽራ ስለሚለብሰው፣ አከራዩ ቀሪውን ጨርቅ ሁሉ ወደ ጀርባ ሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። ሙሽራው ከፊት ሲታይ ንጉሥ ነው፤ ዞሮ ኬክ ሊቆርስ ሲል ግን ሚዜዎቹ ወዲያው ከኋላው ይቆማሉ፣ ፎቶ አንሺውም በየት በኩል ማንሣት እንደሌለበት አስቀድሞ ይነገረዋል።

ሰውነት በራሱ ተለውጧል። የጥንቱ ሱሪ ከላይ በመቀመጫው ሰፋ ብሎ ከባት በታች የሚጠብ ነበር፤ ከላይ መስፋቱ ፈረስ ለሚወጣ፣ መሬት ላይ ለሚቀመጥና በፍጥነት ለሚነሣ ሰው የሚያስፈልግ ስለነበር ነው እንጂ ጨርቅ ተርፎ አይደለም። ጂም የሚሠራው ዘመናዊ ተዋናይ ግን በመስታወት ውስጥ ሲያየው ከኋላው የተንዘረፈፈ መስሎ ስለሚታየው እንዲጠብለት ይለምናል፤ ባቱ በተቃራኒው በስፖርት የደነደነ ስለሆነ ከታች እንዲሰፋለት ይጠይቃል፤ እንደ ፍላጎቱ ሲደረግለት ሱሪው ተገልብጦ ሌላ ሀገር ይገባል። ከዚያ በኋላ የጦርነቱ ትዕይንት ይደርሳል፤ ጀግናው ጋሻውን አንሥቶ፣ ፎክሮ፣ አንድ ጉልበቱን አስቀድሞ ሲዘል፣ ከነጋሪቱ በላይ የሚሰማ የመቀደድ ድምፅ ይወጣል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረት የፈጠሩት ሰዎች ይህን ትዕይንት ያዩ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ በመድረክ ላይ የሚፈረድበት የያዘው ሰው ሳይሆን የሰፋው ሰው መሆኑ ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ልብስ ሰፊውን የሚፈትነው ዚፕ ነው። በሁለት ትዕይንት መካከል ያለው ጊዜ ጠባብ በሆነ መጠን፣ ብዙ ቁልፍና ማሰሪያ ያለውን ቀሚስ ከጀርባ ቀድዶ ዚፕ መግጠም የሚያጓጓ መፍትሔ ይሆናል። ጌዲዮን ሰንድባክ የተባለው ስዊድናዊ ተወላጅ መሐንዲስ ዛሬ የሚታወቀውን ዓይነት ዚፕ በአሜሪካ የሠራው በ1913 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አፄ ምኒልክም ያረፉት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በዓድዋ ዘመቻ ላይ ዚፕ ያለበት ልብስ የሚለብስ መስፍን ከታሪክ ጋር ለመታረቅ ሰበብ የለውም። በመንደር ጎማ ሰፊ የሚሠራው በረባሶም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ሳይገባ በመኪና ጎማ የተጫማ ዘማች ወደ ዓድዋ ሲወርድ በፊልም ላይ ማየት የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ አጃቢ ተዋንያን በባዶ እግራቸው ጠጠር ላይ እንዲሮጡ ከማሳመን ታሪክን ማሳመን ይቀላል።

እጥበቱ የራሱ ጣጣ አለው። የዓድዋ ዘመን ሸማ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ነው፤ እንዶድ ማለት ፍሬው ተፈጭቶ አረፋ የሚያወጣ ተክል ሲሆን፣ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እዚያው ዓድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁበት ነው። በእንዶድ የታጠበ ሸማ ንጹሕ ይሆናል እንጂ አያበራም። የዛሬው ዱቄት ሳሙና ግን በዓይን የማይታየውን ብርሃን ውጦ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ ማንጫ ስላለበት፣ በመድረክ መብራት ሥር የወራት መንገድ የተጓዘው ዘማች ከነሸማው ያብረቀርቃል። በዚህ ምክንያት ነጭ ልብስን በሻይ ነክሮ ማደብዘዝ፣ ክርኑንና ጉልበቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ጫፉን በጭቃ መለቅለቅ የተለመደ ሥራ ነው፤ ለባለሙያው የሚከብደው አንድ ሳምንት ሙሉ በጥንቃቄ የሰፋውን ልብስ ሌላ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ሲያበላሸው ቆሞ ማየቱና ሲጨርስ «በጣም ጥሩ ሆኗል» ለማለት መገደዱ ነው።

መታጠብ የማይችለው ባለ ወርቅ ካባ ደግሞ በላብ ይሸታል። በውጭ ሀገር ቴአትር ቤቶች በእንዲህ ያለው ልብስ ብብት ላይ ቮድካ መርጨት የታወቀ ዘዴ ነው፤ አልኮሉ ሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ገድሎ ወዲያው ይተናል። ቮድካው ውድ ነው ብሎ በአረቄ ለመተካት የሚያስብ አልባሳት ክፍል ግን አረቄ ከራሱ ሽታ ጋር እንደሚመጣ ማሰብ ይኖርበታል፤ አለዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ለመጫን ወደ መድረክ ሲወጡ ጳጳሱን የሚተውነው ሰው ፊቱን ማዞሩ አይቀርም።

እነዚህን ችግሮች ሁሉ የሰለቸ አዘጋጅ አንዳንድ ጊዜ ከነገሥታቱ ዘመን ወጥቶ ወደ ቅርቡ ታሪክ፣ ወደ 1966 ዓ.ም. አብዮት ለመምጣት ይወስናል፤ አልባሳት ክፍሉም ለምድና ካባ ቀርቶ በቤልቦተም፣ ማለትም ከጉልበት በታች እየሰፋ በሚሄደው ሱሪ፣ ባለ ረጅም ኮሌታ ሸሚዝና ካኪ የሚያልቅ ሥራ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ደስታው እስከ መጀመሪያው ምሽት ነው። አፄ ቴዎድሮስን በዓይኑ ያየ ተመልካች የለም፤ ቤልቦተም ያልለበሰ የዚያ ዘመን ተመልካች ግን ስለማይገኝ፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለው አዛውንት ሁሉ የሱሪው ስፋት በስንት ጣት እንደሚለካ፣ ኮሌታው ከጃኬት በላይ ይውጣ ወይም ይግባ፣ የካኪው ኪስ ክዳን ነበረው ወይስ አልነበረውም በሚለው ላይ የማይታጠፍ ምስክርነት አለው፤ የአንዱም ምስክርነት ከሌላው ጋር አይስማማም። ከመካከላቸው ቸር የሆነው በማግስቱ በሳጥን ውስጥ ከናፍታሌን ጋር ያስቀመጠውን የወጣትነት ሱሪውን ይዞ ይመጣል፤ ሱሪው እውነተኛ ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም፣ ወገቡ ግን ከተዋንያኑ ለማንኛቸውም አይሆንም። ለቴአትር ቤቱ የሚያውሰውም ያለ ክፍያ ሲሆን፣ የሚያስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ መርፌ እንዳይነካው ብቻ ነው።